ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ይላል የኛ ሰው፤ እንግሊዞች ከሰሱት፣ ከዛስ ምን አገኙ?

የታሪክ_መምህር
ሰላም የመድረኩ ቤተሰቦች፣ እንደምን አላችሁ። እኔ 11ኛ ክፍል ታሪክ ነው የማስተምረው። ባለፈው ሳምንት የእንግሊዝን የ17ኛው ክፍለ ዘመን የንጉሥና የፓርላማ ጠብ እያስተማርኩ (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አንዲት ተማሪ ከኋላ እጇን አወጣችና "ቲቸር፣ ንጉሡ 1628 ላይ እሺ ብሎ የለም እንዴ? ታዲያ ያንኑ ነገር 1689 ላይ ለምን እንደገና ጻፉት?" አለችኝ። ደወል ተደወለ፣ ሰኞ እንመለስበታለን ብያት ወጣሁ፣ ጥያቄው ግን ይኸው ከራሴ አልወጣ ብሏል።

ነገሩን ለረሳችሁት፣ ቻርልስ ቀዳማዊ ጦርነት ውስጥ ገብቶ ገንዘብ አጠረው፣ ፓርላማው እንደፈለገው አልሰጠውም፣ ስለዚህ ሀብት ያላቸውን ሰዎች በግድ አበድሩኝ አለ፣ እምቢ ያሉትን አሰረ። ከታሰሩት አምስቱ ፍርድ ቤት ቀርበው ምን አጥፍተን ነው ቢሉ "በንጉሡ ልዩ ትእዛዝ ነው" ተባሉ፣ በቃ፣ ክስ የለ ዋስ የለ። ፓርላማው 1628 ላይ ሲሰበሰብ በዚህ ነገር ተቃጥሎ ነበርና የመብት አቤቱታ የሚባለውን አወጣ፦ ያለ ፓርላማ ፈቃድ ግብር የለም፣ ምክንያቱ ሳይነገር እስር የለም፣ ወታደር በሰው ቤት በግድ አይመራም፣ ሰላማዊ ሰው በጦር ሕግ አይዳኝም። ንጉሡ መጀመሪያ አድበስብሶ መለሰ፣ ሲጨንቀው ጁን 7 ቀን በደንቡ ተቀበለ፣ ሕዝቡ ደስ ብሎት የቤተክርስቲያን ደወል ደወለ እሳት አነደደ።

በዓመቱስ? ማርች 1629 አፈ ጉባኤው በንጉሡ ትእዛዝ ስብሰባውን ሊዘጋ ሲነሳ ሁለት አባላት ወንበሩ ላይ ተጭነው ያዙት፣ እሱ እያለቀሰ ያለ ፓርላማ ፈቃድ ቀረጥ የሚከፍል የአገር ጠላት ነው የሚል ውሳኔ ተነበበ። ከዛ 11 ዓመት ሙሉ ፓርላማ የለም። የተቃውሞው መሪ ጆን ኤሊየት 1632 ላይ እዛው የለንደን ግንብ እስር ቤት ውስጥ ሞተ። ወረቀቱ ግን አልተቀደደም፣ አልተሻረም፣ ነበረ። እንግዲህ የልጅቷ ጥያቄ ይሄ ነው፣ 1689 ላይ የመብቶች ድንጋጌ (ቢል ኦፍ ራይትስ) የሚባለው ሲወጣ ምን ተጨመረና ነው የያዘው? ሐሳባችሁን ስጡኝ።

ሒሳብ_ሹም
መምህር ጥሩ ተማሪ ነው ያለችዎት። እኔ ዕድሜዬን በሒሳብ ሙያ ስላሳለፍኩ ይሆናል፣ ይሄን ታሪክ ሳነብ መጀመሪያ የማየው ገንዘቡ ከየት ገባ የሚለውን ነው፣ እና መልሱም እዛው ያለ ይመስለኛል።

ከቻርልስ በፊት የነበሩት ነገሥታት ዘውድ ሲጭኑ የጉምሩክ ቀረጡ ለዕድሜ ልክ ነበር የሚፈቀድላቸው። 1625 ላይ የታችኛው ምክር ቤት ለቻርልስ ለአንድ ዓመት ብቻ ልፍቀድልህ አለው፣ የላይኛው ምክር ቤት አላጸደቀውም፣ እሱ ደግሞ ምንም ሳይል ዝም ብሎ ሰበሰበው። ከዛ በ11ዱ ዓመት ውስጥ የመርከብ ግብር መጣ። ይሄ ድሮ በጦርነት ጊዜ የባሕር ዳር ከተሞች መርከብ የሚያዋጡበት ልማድ ነው፣ ንጉሡ 1634 ላይ ጀመረውና በዓመቱ ባሕር አይተው ለማያውቁ መሀል አገር ላሉ ወረዳዎች ሁሉ አደለው። ጆን ሃምፕደን የሚባል ባለ ርስት 20 ሽልንግ ተጠየቀ። 20 ሽልንግ ለሱ ምንም አይደለችም እኮ! ግን አልከፍልም ብሎ ፍርድ ቤት ቆመ። 12 ዳኞች ናቸው፣ 7ቱ ለንጉሡ 5ቱ ለሱ። ተረታ፣ ግን አገሩ የሰማው 5ቱን ነው፣ ከዛ በኋላ ግብሩን መሰብሰብ እየከበደ ሄደ።

ንጉሡን የጣለው ደግሞ ስኮትላንድ ነው። የጸሎት መጽሐፍ በግድ ጫነባቸው፣ ተነሱበት፣ ሰሜኑን ይዘው ቁጭ አሉ፣ ስምምነት ሲደረግ የስኮት ጦር እስኪወጣ በቀን 850 ፓውንድ እንዲከፈለው ተባለ። በቀን! ይሄን የሚከፍል ካዝና ንጉሡ ጋር የለም፣ ስለዚህ ኖቬምበር 1640 ፓርላማውን ጠራ፣ ሊበትነውም አልቻለም ምክንያቱም ከበተነው ማን ይከፍላል።

አሁን ወደ ልጅቷ ጥያቄ። ቻርልስ ከፓርላማው ጋር ተዋግቶ ተሸነፈ፣ ተገደለ፣ ዘውዱ 1660 ላይ ለልጁ ለቻርልስ ዳግማዊ ተመለሰ። 1685 ላይ የሱ ወንድም ጄምስ ዳግማዊ ሲነግሥ ፓርላማው ያንን የድሮውን ስህተት ደገመው፣ ገቢውን ለዕድሜ ልክ ሰጠው። ኖቬምበር ላይ በጦሩ ጉዳይ ሲከራከሩት ስብሰባውን አስተላለፈ፣ ከዛ በኋላ አንድም ቀን አልሰበሰባቸውም፣ ምን ቸግሮት! 1688 የጄምስ አማች የሆላንዱ ዊልያም ጦር ይዞ ሲመጣ ጄምስ ሸሸ፣ ዊልያም በቦታው ነገሠ፤ ሰዎቹ ግን ተምረዋል፣ 1690 ላይ የጉምሩኩን ገቢ ለ4 ዓመት ብቻ ፈቀዱለት። ሠራዊቱንም በሥርዓት ለመያዝ የሚያስፈልገው ሕግ 1689 ላይ መጀመሪያ ለጥቂት ወራት ወጣ፣ ከዛ እየታደሰ ሄደ። ስለዚህ ንጉሥ ሆይ ፓርላማ ካልጠራህ ጦርህን በሕግ መቅጣት አትችልም፣ ደሞዙንም አታገኝም ማለት ነው። ከ1689 ወዲህ ፓርላማው ሳይሰበሰብ የቀረበት ዓመት የለም። ጥርሱ ይሄ ነው በኔ ግምት፣ መብቱን መጻፋቸው ሳይሆን ገንዘቡን በአጭር በአጭሩ መቁረጣቸው።

ወንበር_ጠባቂ
ሒሳብ ሹም ጋሼ ያስቀመጡት ግሩም ነው፣ ግን እኔ ጠበቃ ነኝና ያን 7 ለ 5 እንዲህ በቀላሉ ላሳልፈው አልችልም። 7ቱ ለምን ለንጉሡ ፈረዱ? አንዳንዶቹ አምነውበት ይሆናል። ግን አብዛኞቹ ወንበራቸው ላይ የተቀመጡት "ንጉሡ ደስ እስካለው ድረስ" በሚል ሹመት ነው። 1626 ላይ ዋናው ዳኛ ራኑልፍ ክሩ የግዳጅ ብድሩ ሕጋዊ ነው ብለህ ፈርም ሲባል እምቢ አለ፣ ተባረረ። 1686 ላይ ደግሞ ጄምስ ዳግማዊ አንድ መዝገብ ከመሰማቱ በፊት የማይስማሙትን ዳኞች አስቀድሞ አንስቶ በሚስማሙት ተካ። እንዲህ ባለበት አገር ብድሩን እምቢ ብለው የታሰሩት አምስቱ ሰዎች ያቀረቡት አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ (የታሰርንበት ምክንያት ይነገረን ማለት ነው) ምን ያደርጋል? ዳኛው ራሱ ነገ የት እንደሚያድር አያውቅም።

1701 በወጣው የዙፋን ውርስ ሕግ ውስጥ አንዲት አጭር አንቀጽ አለች፣ ዳኛ በመልካም ጠባይ እስካገለገለ ድረስ አይነሳም፣ ደሞዙም የተወሰነ ይሆናል፣ ማንሳት የሚቻለው ሁለቱም ምክር ቤቶች ሲጠይቁ ነው። ሰው ስለ 1689 ያወራል እንጂ ይቺን አንቀጽ ማንም አያነሳትም፣ እኔ ግን ችሎት በቆምኩ ቁጥር ትዝ የምትለኝ እሷ ናት። በሥራ ላይ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ዳኛ ፋይሉን እያየ ዓይኑ ወደ በሩ ሲሄድ አይቻለሁ፣ ምን ማለት እንደሆነ የገባው ይገባዋል።

የኤድዋርድ ኩክንም ታሪክ ለተማሪዎቹ ይንገሯቸው መምህር። ኩክ ዋና ዳኛ ሆኖ የቻርልስ አባት ጄምስ ቀዳማዊ እኔም አእምሮ አለኝ ራሴ መፍረድ እችላለሁ ሲለው፣ ግርማዊነትዎ ታላቅ እውቀት አለዎት፣ ሕግ ግን በረጅም ጥናትና ልምድ የሚገኝ ጥበብ ነው፣ ንጉሥም ከሰው በታች አይደለም ከእግዚአብሔርና ከሕግ በታች ግን ነው ብሎ መለሰለት። ይሄ ራሱ ኩክ የጻፈው ነው፤ በዚያው ዘመን የተጻፈ ደብዳቤ ደግሞ ንጉሡ በቁጣ ሲነድ ኩክ መሬት ላይ ተደፍቶ ምሕረት ለመነ ይላል። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል ብዬ ነው የማምነው። ተደፍቶም ቢሆን ከዛ በኋላ አልተኛም፣ 1628 ላይ ዕድሜው 76 ሆኖ ያን የመብት አቤቱታ ከመሩት ዋናው እሱ ነው።

የቴምዝ_ዳር
ኧረ ደስ የሚል ክር ነው፣ ሥራ ላይ ሆኜ እያነበብኩ ነው። እኔ ለንደን ነው የምኖረው፣ ዌስትሚንስተር አዳራሽ ውስጥ ደረጃው ላይ ቻርልስ ተቀምጦ የተዳኘበትን ቦታ የሚያሳይ የነሐስ ጽሑፍ አለ። ሰው ሁሉ ጣሪያውን ፎቶ እያነሳ ይረግጠዋል። እኔ እዛ ቆሜ ያሰብኩት ያንን የኛን አባባል ነው፣ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ። ቻርልስም እኮ ያለው ይሄንኑ ነው፣ ንጉሥን የሚዳኝ የበላይ በምድር ላይ የለም አለ፣ ኮፍያውን ሳያወልቅ ተቀምጦ በምን ሥልጣን ነው ያመጣችሁኝ እያለ መልስ ሳይሰጥ ቀረ። ክሱ ሊነበብ ሲል ዐቃቤ ሕጉን በከዘራው ነካ ነካ አደረገው፣ የከዘራው የብር ጫፍ ወልቆ ወደቀ፣ የሚያነሳለት ሰው ጠበቀ፣ ማንም አላነሳለትም፣ ራሱ ጎንበስ ብሎ አነሳው። ለንጉሥ ዕቃ ሲወድቅ የሚያነሳ ሰው መጥፋት! ለኔ የመንግሥቱ መጨረሻ መጥረቢያው ሳይሆን ይቺ ናት።

ጃንዋሪ 30 ቀን 1649 ዕለቱ ብርዳማ ስለነበር ብርዱ ሲያንቀጠቅጠኝ ፈርቶ ነው እንዳይሉኝ ብሎ ሁለት ሸሚዝ ደርቦ ለበሰ። ወደ ሞቱ ሲሄድ ያለፈበት አዳራሽ ጣሪያ ላይ አባቱ ወደ ሰማይ ሲያርግ የሚያሳይ ሥዕል አለ፣ ያሠራው እሱ ራሱ ነው።

አሁንስ_በዛ
ይቅርታ ግን ሁላችሁም መሀሉን እየዘለላችሁ ነው። ንጉሡን ገደሉ፣ ከዛስ? የፓርላማው ጦር አዛዥ ክሮምዌል መጣ! ኤፕሪል 1653 ምክር ቤቱ ውስጥ ገብቶ ትንሽ አዳምጦ ተነሳና ሰደባቸው፣ ወታደር አስገብቶ አስወጣቸው፣ የፓርላማውን በትር ሳይቀር ይሄን መጫወቻ አንሱልኝ ብሎ አስነሳው። ቻርልስ እንኳን በወታደር ፓርላማውን ባዶ አላደረገም። በዚያው ዓመት ደግሞ ጥሩ ሆኖ የተጻፈ 42 አንቀጽ ያለው ሕገ መንግሥት አወጡ፣ ሥልጣን ከፋፍሎ፣ ፓርላማ በሦስት ዓመት ይሰብሰብ ብሎ፣ ሁሉንም ነገር አስቀምጦ። በሁለት ዓመቱ አገሪቷ ለጄኔራሎች ተከፋፍላ ትተዳደር ነበር። ስለዚህ መምህር፣ ወረቀት ቢበዛ ቢያንስ ለውጥ የለውም፣ ጥያቄው ጠመንጃው በማን እጅ ነው የሚለው ነው፣ ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው።

ሒሳብ_ሹም
አሁንስ በዛ ወንድሜ፣ ያልከው እኮ እኔ ካልኩት ጋር አይጣላም፣ ያጠናክረዋል። የክሮምዌል ጦር ደሞዙን ፓርላማ ቢፈቅድም ባይፈቅድም የሚያገኝበት መንገድ ነበረው። ከ1689 በኋላ ያለው ጦር ግን ደሞዙ በየዓመቱ የሚፈቀድ ነው። ጠመንጃ ደሞዝ ይበላል፣ ደሞዙን የያዘው ነው ጠመንጃውን የሚይዘው።

ማለዳ_ተነሺ
እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ላንሳ፣ ገንዘብ ገንዘብ እያላችሁ ሰውን እየረሳችሁት ነው። ጃንዋሪ 4 ቀን 1642 ቻርልስ 400 የሚሆኑ የታጠቁ ሰዎች አስከትሎ አምስት የምክር ቤት አባላትን ሊይዝ ራሱ መጣ፣ ሃምፕደን ከአምስቱ አንዱ ነው። ንጉሥ እዛ አዳራሽ ገብቶ አያውቅም። በሩ ክፍት ሆኖ ወታደሮቹ ከውጭ ይታያሉ፣ አባላቱ ቆመዋል፣ ንጉሡ ወደ አፈ ጉባኤው ሄዶ በፈቃድህ ወንበርህን ላንዳፍታ አለና ላይ ወጥቶ ዓይኑን አዞረ። አምስቱ አስቀድመው ስለሰሙ በቴምዝ ወንዝ በጀልባ ወጥተዋል። የት ናቸው ብሎ አፈ ጉባኤውን ዊልያም ሌንታልን ጠየቀው። ሌንታል ጀግና የሚባል ሰው አይደለም፣ ተንበረከከ፣ ተንበርክኮም "ግርማዊ ሆይ፣ በዚህ ቦታ ምክር ቤቱ እንዳዘዘኝ ካልሆነ የማይበት ዓይን የምናገርበትም ምላስ የለኝም" አለ። ንጉሡ "ወፎቼ በረዋል" ብሎ ወጣ፣ ከኋላው መብታችን መብታችን እያሉ ይጮሁበት ነበር።

ሌንታል ያን ቀን በእጁ ካዝና የለም፣ ጦር የለም፣ የተጻፈ ሕግም አልጠቀሰም። ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት የነበረው አፈ ጉባኤ ወንበሩ ላይ ተይዞ የንጉሡ አገልጋይ ነኝ እያለ ሲያለቅስ ነበር፣ መምህር እንደነገሩን። ይሄኛው የምክር ቤቱ አገልጋይ ነኝ አለ። በነዚህ 13 ዓመታት ውስጥ የሰው ሐሳብ ተለውጧል ማለት ነው፣ እሱ ካልተለወጠ ደግሞ 1690 ላይ ገንዘቡን ለ4 ዓመት ብቻ የሚል ሰው ከየት ይመጣል?

የነገ_ሰው
ለማን ነው ግን ያ ሁሉ መብት? ይሄን የምለው ከልቤ ስለሚያመኝ ነው። ኦክቶበር 1647 ለንደን አጠገብ ፑትኒ ቤተክርስቲያን ውስጥ የፓርላማው ጦር ወታደሮችና አለቆቻቸው ተቀምጠው ማን ይምረጥ ብለው ተከራከሩ። ኮሎኔል ሬይንስቦሮ "በእንግሊዝ ያለው የመጨረሻው ድሃ እንደ ትልቁ ሰው ሁሉ የሚኖረው ሕይወት አለው" አለ፣ ስለዚህ ባልመረጠው መንግሥት ሊገዛ አይገባም። የክሮምዌል አማች አይርተን ደግሞ በአገሪቷ ውስጥ ቋሚ ንብረት የሌለው ድምፅ አይገባውም አለ። ያሸነፈው አይርተን ነው፣ 1689ም በሱ መንገድ ነው የተጻፈው። የክርክሩ ማስታወሻ ራሱ ሁለት መቶ አርባ ዓመት ገደማ ተረስቶ ኖሮ ነው ኦክስፎርድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የተገኘው።

እና ሌላው፣ ይሄንን ማንም አያነሳውም፣ የንጉሡ ሞኖፖሊ ሲላላ ነጋዴው ነፃ ወጣ እንላለን አይደል? ከአፍሪካ ባሪያ የሚጭነው ንግድ የንጉሡ ድርጅት ሞኖፖሊ ነበር፣ 1698 ላይ ፓርላማው 10 በመቶ ለከፈለ እንግሊዛዊ ነጋዴ ሁሉ ከፈተው። ከዛ በኋላ ነው የብሪስቶል መርከቦች የተሰለፉት። ያው ንጉሡን የገደበው ፓርላማ ነው የፈቀደው። አየርላንድ ያለውን ካቶሊክ ደግሞ ርስቱን ነጠቁት። ስታስተምሩ ይሄንንም አስተምሩ እባካችሁ።

የቴምዝ_ዳር
የነገ ሰው እህቴ፣ ያ የሬይንስቦሮ ንግግር አሁን ፑትኒ ድልድይ ሥር ባለችው ቤተክርስቲያን ግድግዳ ላይ ተጽፏል፣ አንድ እሁድ ሄጄ አይቼዋለሁ። ከውጭ አውቶቡስ ያልፋል፣ ውስጡ ዝም ያለ ነው። ያልሽው እውነት ነው።

ቫርሻቫ_የተማረ
ዘግይቼ ነው ያየሁት። እኔ በደርግ ጊዜ በስኮላርሺፕ ፖላንድ ነው የተማርኩት፣ እና ሁሌ የሚገርመኝ ሰው ስለ ሕገ መንግሥት ሲያወራ እንግሊዝን ብቻ ማንሳቱ ነው። ፖላንዶች 1505 ላይ ንጉሡ ያለ ምክር ቤቱ አዲስ ሕግ አያወጣም ብለው ጽፈው ጨርሰዋል፣ ከእንግሊዞቹ 184 ዓመት በፊት! ንጉሡንም የሚመርጡት እነሱ ናቸው። ታዲያ ምን ሆኑ? 1652 ላይ አንድ ተወካይ ስብሰባው መራዘሙን አልፈቅድም አለ፣ ስብሰባው ተበተነ። "ኒዬ ፖዝቫላም" ነው በነሱ አፍ፣ አልፈቅድም ማለት ነው፣ ከዛ በኋላ ያ ቃል ልማድ ሆነ፣ ጎረቤት መንግሥታት ለአንድ ሰው ጉቦ ሰጥተው ጉባኤውን ያስበትኑ ጀመር። በአውግስጦስ ሣልሳዊ ዘመን 30 ዓመት ገደማ ውስጥ ሕግ ማውጣት የቻለ ጉባኤ አንድ ብቻ ነው። ግብር የለም፣ ጦር የለም። 1772 ጎረቤቶቻቸው ቆርሰው ወሰዱ። ደንግጠው ሜይ 3 ቀን 1791 ያንን የአንድ ሰው እምቢታ የሚሽር ሕገ መንግሥት አወጡ፣ በዓመቱ የሩሲያ ጦር ገባ፣ 1795 ላይ አገሪቷ ከካርታ ጠፋች። ዶርም አብሮኝ የነበረ ልጅ አያት ሜይ 3ን በፖሊስ ፊት አበባ ይዘው ሲወጡ አይቻለሁ፣ ያኔ በዓሉ አይፈቀድም ነበር።

ስለዚህ ሒሳብ ሹም፣ ገንዘብ መከልከል ብቻውን መልስ አይደለም። ፖላንዶች ለንጉሡ ከልክለው ለማንም ሳይሰጡ ቀሩ። እንግሊዞቹ ከልክለው ራሳቸው ሰበሰቡት፣ ልዩነቱ እሱ ነው።

ሒሳብ_ሹም
ጋሼ ይሄን አላሰብኩትም ነበር፣ አመሰግናለሁ። እውነትም 1694 ላይ የእንግሊዝ ባንክ ሲቋቋም ነጋዴዎች ለመንግሥት 1.2 ሚሊዮን ፓውንድ በ8 በመቶ አበደሩ፣ ምክንያቱም መያዣው ፓርላማው ያወጣው ቀረጥ ነው። 1672 ላይ ቻርልስ ዳግማዊ ዕዳ አልከፍልም ብሎ አበዳሪዎቹን አክስሮ ነበር። ንጉሡ ሲገደብ መንግሥቱ አልደከመም፣ ጭራሽ ብዙ የሚሰበስብና ብዙ የሚበደር ሆነ።

ልጅ_እግር
አንድ ነገር ልጠይቅ፣ የኛ የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ከእንግሊዝ ነው እንዴ የተወሰደው?

ወንበር_ጠባቂ
አይደለም። የ1923ቱን (በኛ አቆጣጠር) በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ሲያረቅቁ ዋና ምንጫቸው የጃፓኑ የሜጂ ሕገ መንግሥት ነው፣ እሱ ደግሞ ወደ ፕሩሲያ ያዘነበለ ነው። ንጉሡ የሚሰጠው እንጂ ንጉሡ ላይ የሚጫን አይደለም። ሰፊ ነገር ስለሆነ ለብቻው ክር ይከፈትለት።

የታሪክ_መምህር
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ክፍል ገብቼ ለተማሪዋ የገንዘቡንም የዳኞቹንም የሌንታልንም ነገር በተራ ነገርኳት። ጥቁር ሰሌዳው ላይ 1628ን በግራ 1689ን በቀኝ ጽፌ በመሀላቸው የጨመሩትን እያሰመርኩ ነበር። ጨርሻለሁ ስል እጇን አወጣች። "ለጄምስ ለዕድሜ ልክ ገንዘብ የሰጠውስ ፓርላማው ራሱ አይደል? ማን አስገደዳቸው?" አለችኝ።

ወንበር_ጠባቂ
መምህር ይቺ ልጅ ሕግ ትማር።
ለሷ መልስ አለኝ። ማንም አላስገደዳቸውም፣ ቀድመው ተመርጠው ነው የገቡት። ቻርልስ ዳግማዊ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የከተሞችን ቻርተር (ራሳቸውን የሚያስተዳድሩበትን የመብት ሰነድ) በፍርድ ቤት እየነጠቀ (የለንደንን 1683 ላይ) ለራሱ ሰዎች በሚመች መንገድ እንደገና ይሰጣቸው ነበር፣ በብዙዎቹ ከተሞች ደግሞ ተወካይ የሚመርጠው በቻርተሩ የተሰየመው ሰው ነው። ስለዚህ 1685 ላይ የተሰበሰበው ምክር ቤት አብዛኛው አስቀድሞ የንጉሡ ወገን ነበር። 1689 ላይ "የፓርላማ አባላት ምርጫ ነፃ ሊሆን ይገባል" የሚል መስመር ያስገቡት ለዚህ ነው። የ1628ቱን አውጥተው ያሳዩዋት፣ ይቺ መስመር እዛ ላይ የለችም።

የታሪክ_መምህር
ነገ ሦስተኛ ፔሬድ ከነሱ ጋር ነኝ። ሁለቱንም አትሜ ይዤላቸው እገባለሁ፣ ራሷ ትፈልጋት።